ለቀኝ እግሬ ምስክር ነኝ

ይህን እንድናገር ዕድሜ የሰጠኝ የድንግል ማርያም ልጅ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ጫማዬን ከሰቀልኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የእናቴ ስለት ግን ምስክርነትም አለበትና ዝም ማለት አልችልም።

የእግር ኳስ ተጫዋች፣ የቀኝ መስመር ተመላላሽ ተከላካይ ነበርኩ። የ2004 የውድድር ዘመን ሊያልቅ ሲል አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ከአጥቂ ጋር ተጋጭቼ ቅልጥሜ ተሰበረ። ሆስፒታል ጀሶ አሰሩልኝና አስተኙኝ።

ሌሊቱን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ሕመሙ ተለወጠ። እግሬ ጀሶው ውስጥ እያበጠ መውጫ አጣ። መርፌ ወጉኝ፤ አልበረደም። ጥርሴን ነክሼ አልጋው ብረት ላይ ተንጠለጠልኩ። እናቴ አጠገቤ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። እናቴ ያዘቻቸው፤ እጇ አልተሰማኝም። «ቀዝቅዘዋል ልጄ» አለችና በነጠላዋ ጠቀለለቻቸው።

አንዲት ነርስ ነበረች፤ እግዚአብሔር ዘመኗን ይባርከው። ተራዋ አልቆ ልትወጣ ስትል «እስቲ ያንን ልጅ ልየው» ብላ ተመለሰች። የጣቴን ጥፍር ተጫነችው፣ ፊቷ ተለወጠ፣ ሮጠች። ተረኛው ሐኪም መጥቶ ጀሶውን ቀደደና የደም ትርታ ፍለጋ እግሬን ደባበሰ። ዝም አለ። ከዚያ «እማማ፣ እብጠቱ ደም እንዳያልፍ ዘግቷል። አሁኑኑ ሰንጥቀን ካላስተነፈስነው እግሩ ይሞታል። ዘግይተን ከሆነም መቁረጥ ሊመጣ ይችላል» አላት።

እናቴ አላለቀሰችም። ወደ ምሥራቅ ዞራ «የቁልቢው ገብርኤል! ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ የልጄን እግር ከዚህ እሳት አውጣልኝ። በእግሩ መጥቶ ደጅህን ይሳለማል፣ ሥራህንም ይመሰክራል» አለች። በአልጋ እየገፉ ሲወስዱኝ ሳላስበው ከአፌ የወጣው በልጅነቴ የቆጠርኩት ዳዊት ነው፦ «እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም፤ የሚጠብቅህም አይተኛም»። ኳስ አልለመንኩም። ልቁም ብቻ አልኩት።

ስነቃ ከደጅ የኪዳን ጸሎት ይሰማል። ሐኪሙ አውራ ጣቴን ነካና «ይሰማሃል?» አለኝ። ይሰማኛል! እናቴ እልል ስትል የክፍሉ ሕመምተኛ ሁሉ አብሮ እልል አለ።

ወራት በክራንች አለፉ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዋልያዎቹ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ፣ ከተማው በጭፈራ ሲናወጥ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር። ለብሔራዊ ቡድን ጥሪ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይተህ እኔ ስሰበር ነው የሰጠሃቸው?» አልኩት እግዚአብሔርን፤ ጮክ ብዬ፣ በቁጣ። እናቴ ሰምታ አልገሠጸችኝም። «ለራሱ ንገረው። ዳዊትም እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎታል» አለችኝ። ነገርኩት፤ ብዙ ሌሊት። በጥር ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት ላይ አዳነ ግርማ የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ላይ ሲያገባ፣ በአሥር ተጫዋች አንድ አቻ ስንወጣ ግን፣ ሳላውቀው በሁለት እግሬ ቆሜ እጮህ ነበር። ክራንቹ ወለል ላይ ወድቋል።

የክለባችንን ወጌሻ ሳላመሰግን አላልፍም። የመንፈስ ጥንካሬዬ ሲያልቅ በእሱ ጥንካሬ ነው የሮጥኩት።

እስከ 2013 ተጫወትኩ። ያን ዓመት በኮሮና ምክንያት ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ይካሄድ ነበርና የመጨረሻዬ ሐዋሳ ላይ ሆነ። ተቀይሬ ስወጣ ሜዳውን ሳምኩ፤ «እግሬንም ከመሰናከል አድኖአልና» እያልኩ በራሴ እግር ወጣሁ። በታኅሣሥ 19 የቁልቢን ዳገት ከእናቴ ጋር ወጣን፤ እኔ እጇን ይዤ።

እህቴ ነርሷ፣ ስምሽን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። ይህን ካነበብሽ፣ ያ ልጅ ዛሬ ሠፈሩ ውስጥ ታዳጊዎች ያሠለጥናል፤ እናቴም በጸሎቷ ሁሉ «ያቺ የተመለሰችው ልጅ» እያለች ታነሣሻለች።