«ፊልም እኮ ነው» ያልኩ ዕለት

አትላንታ በገባሁ በአራተኛው ዓመት አንድ የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ስልክ እመልስ ነበር። የማታ ሺፍት ነው። ሄድሴቱን ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ፣ ስልኩ ራሱ ይገባል፣ ማንን እንደምታናግር አታውቅም። አንዱ ቢሉ በዛብኝ ይላል። አንዷ ሪሞቱ አልሠራ አለኝ ትላለች። እሁድ ማታ ብዙ ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሻይ እየጠጣን የምናሳልፈው እሱን ነው።

ኦክቶበር 23 ቀን 2016 እሁድ ነበር። የዚያን ማታ ሻይ የጠጣ ሰው የለም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የሚባለው ድራማ ሰባተኛው ሲዝን ጀመረ። ታሪኩ ዓለም ካበቃላት በኋላ ነው። የሞተው እየተነሳ የቆመውን ይበላል፤ መንግሥት የለም፣ መብራት የለም፣ የተረፉት ሰዎች ከሬሳውም ከሌላው ሰውም እየሸሹ ይኖራሉ። እኔ ያኔ አንዱንም ክፍል አላየሁም ነበር። ስሙን ግን አትላንታ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ይቀረጽ የነበረው እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ ነው።

4 ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ስልኩ ያለማቋረጥ መግባት ጀመረ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው የሚወደው ገጸ ባሕርይ እንደተገደለ ያኔ አላወቅኩም።

የመጀመሪያዋ ሴትዮ ልጇ ከጀርባዋ ቆሞ እንዳየ ሳታውቅ ቀርታ፣ ቻናሉ በቁጥር እንዴት እንደሚቆለፍ ጠየቀችኝ። አሳየኋት። ቀጥሎ አንድ ወጣት ደወለ። ምንም አልጠየቀም። «አይታችሁታል?» ብቻ አለ። አላየሁም ስለው ዘጋው። ከዚያ ቻናሉን አውጡልኝ የሚሉ ተከታተሉ። ችግሩ ድራማውን የሚያሳየው ቻናል፣ ኤኤምሲ፣ ለብቻው አይወጣም። ከጥቅሉ ጋር ነው የሚመጣው፤ እሱን ለማስወጣት ሌላውንም ሃምሳ ምናምን ቻናል መተው አለብህ። ይህንን ለእያንዳንዱ ደዋይ ከመጀመሪያው ጀምሬ እያስረዳሁ ምላሴ ደረቀ።

5 ሰዓት ሲሆን አንድ ሰውዬ ገባ። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። አይጮህም። «ያን ቻናል ከቤቴ አውጡልኝ» አለ። አስረዳሁት። «ገብቶኛል፣ ለብቻው አይወጣም። ግን ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ ላየው አልፈልግም» አለ። ደግሜ አስረዳሁት። እሱም ያንኑ ደገመ። ስክሪኔ ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ደቂቃ አልፎ ቀልቷል። ስንት ሰው ወረፋ እንደሚጠብቅ ከታች ይታየኛል።

«ጌታዬ፣ ፊልም እኮ ነው» አልኩት።

ክፉ አስቤ አይደለም። ላጽናናው ነበር የፈለግኩት። ሰውየው ዝም አለ። ዝም ካለ በኋላ «ፊልም መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። 61 ዓመቴ ነው። ፊልም ነው ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም» አለና ዘጋው።

ማክሰኞ ዕለት አለቃዬ ጠራችኝ። ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ስልክ ስትመልስ የኖረች ናት፤ ስትቆጣ ድምፅ አታሰማም። ሰውየው በማግስቱ ደውሎ ሁሉንም ነገር አዘግቷል። ኢንተርኔቱን፣ ስልኩን፣ ቴሌቪዥኑን። 11 ዓመት ደንበኛ ነበር። ቀረጻውን ከፈተችልኝ። የራስን ድምፅ እንዲህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መስማት ከባድ ነው። «ፊልም እኮ ነው» ካልኩ በኋላ ያለው ዝምታ ያን ማታ የአንድ ሰኮንድ መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ ሰኮንድ ነው። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ መስመሩ ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ አሳየችኝ።

«ማን እንደሞተበት ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ጠይቀኸዋል?»

አልጠየቅኩትም። ስለ ጥቅሉ የነገርኩት አንድም ስህተት እንዳልነበረው እሷም አልካደችም። በቃ፣ ሂድ ሥራህን ሥራ አለችኝ። ቢቆረጥብኝ ወይ ቢጻፍብኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ እኮ ለቅሶ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ። እናቴ ሰፈር ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር እጄን ይዛ ትወስደኝ ነበር። ገብተህ ትቀመጣለህ። «እግዜር ያጥናችሁ» ትላለህ። ከዚያ ዝም ነው፤ ያዘነው ሰው ሲያወራ ትሰማለህ። ለሰው እንዲህ ይደረጋል ብሎ ያሳደገኝ አገር እያለኝ ያዘነን ሰው በሰዓት ለክቼ ሸኘሁት። የተናደድኩት በዚህ ነው።

የዚያን ሌሊት ኔትፍሊክስ ላይ ገብቼ ድራማውን ከአንደኛው ክፍል ጀመርኩት።

ሪክ የሚባለው ፖሊስ ሆስፒታል ውስጥ ራሱን ስቶ ከርሞ ሲነቃ ዓለም የለችም። ፈረስ ላይ ተቀምጦ አትላንታ ይገባል። መንገዱ በሬሳ ተሞልቷል፤ ፈረሱን ይበሉበታል፤ እሱ ታንክ ውስጥ ይገባና በሩን ይዘጋል። አበቃለት ስትል የታንኩ ሬድዮ ውስጥ የአንድ ልጅ ድምፅ ይመጣል። የማያውቀውን ሰው ሊያድን ነው የሚያናግረው። በየትኛው ጎን እንደሚወጣ፣ ወዴት እንደሚሮጥ ይነግረዋል። ልጁ ግሌን ነው። ኮሪያዊ አሜሪካዊ ነው፤ የሚጫወተው ስቲቨን ዩን ነው። ዓለም ከማብቃቷ በፊት ሥራው ፒዛ ማድረስ ነበር። የከተማዋን ጓዳ ጎድጓዳ ሁሉ የሚያውቀው ለዚህ ነው።

እዚህ ጋ አቆምኩት።

እኔ ስልክ ከመመለሴ በፊት እዚሁ አትላንታ ሁለት ዓመት ፒዛ አድርሻለሁ። ያ ታንክ የቆመበት መሃል ከተማ፣ ፎርሳይት ጎዳና አካባቢ፣ እግሬ ያውቀዋል። የት ብታቆም እንደማትቀጣ፣ የትኛው ሕንፃ የኋላ በር እንዳለው፣ በየትኛው መተላለፊያ ብትገባ ሁለት መብራት እንደምትዘል። ቦርሳው በክረምት ጭንህን ያሞቅሃል፣ በበጋ ያቃጥልሃል። በሩን የሚከፍትልህ ሰው ፊትህን አያይም፤ ሳጥኑን ነው የሚያየው። እንግዲህ ያ ሰው ነው በዚህ ድራማ ውስጥ ሁሉንም የሚያድነው። ያን ማታ ስልክ የደወሉት ሰዎች ይህንን ልጅ ከኦክቶበር 2010 ጀምሮ በየእሁዱ ስድስት ዓመት አብረውት ኖረዋል። ሲያፈቅር አይተውታል፣ ማጊን ሲያገባ አይተውታል። ማጊ አርግዛ ሳለች ነው የሞተው።

የገደለው ኔጋን ይባላል። የእነ ሪክ ጠላት የሆነ የሌላ ቡድን መሪ ነው። ጥቁር የቆዳ ጃኬት፣ ቀይ ስካርፍ፣ እሾሃማ ሽቦ የተጠቀለለበት የቤዝቦል ዱላ። ለዱላው ስም አውጥቶለታል፤ ሉሲል ይላታል። ጄፍሪ ዲን ሞርጋን ነው የሚጫወተው፤ ሲስቅ ደስ የሚል ሰው ነው፤ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ በዝግታ ነው የሚያወራው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሕጉ አጭር ነው፦ ካላችሁ ነገር ግማሹ የኔ ነው። ሰዎቹ ማን ናችሁ ሲባሉ ሁሉም «እኔ ኔጋን ነኝ» ይላሉ። ከእነ ሪክ ወገን 11 ሰዎችን በጉልበታቸው አንበርክኮ ልጆች ጨዋታ ላይ በሚቆጥሩት ግጥም እየቆጠረ ይመርጣል። መጀመሪያ አብርሃምን፣ ከዚያ ግሌንን።

ቢሮ ውስጥ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ወሬው ይኸው ሆነ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ኔጋንን በጣም ነበር የምትወደው። ለሃሎዊን ጃኬቱን ለብሳ የፕላስቲክ ዱላ ይዛ መጣችና ጥበቃው ዱላውን መኪናሽ ውስጥ አስቀምጪ አላት። ክርክሯ ግን ቀላል አልነበረም። «እነ ሪክ እኮ ቀድመው የሱን ሰዎች በተኙበት አርደዋል። ግሌን ራሱ የተኛ ሰው ገድሏል። ኔጋን ቢያንስ የሚያደርገውን ፊት ለፊት ያደርጋል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ በስድስተኛው ሲዝን እንዲያ ሆኗል። ሌላው ደግሞ ጥፋቱን ከተንበረከኩት አንዱ በሆነው በዳሪል ላይ ይጭናል፤ ኔጋንን በቡጢ ባይመታው ሁለተኛው ሰው አይሞትም ነበር እያለ። ድራማው የተወሰደበትን የሥዕል መጽሐፍ፣ ኮሚኩን፣ ያነበቡት ደግሞ ይህ በ2012፣ በመቶኛው እትም ላይ የታወቀ ነገር ነው ይላሉ። ብዙዎች የተቆጡት በደሙ ነው። የወላጆች ማኅበርም በይፋ አውግዞታል።

እኔ እያየሁ ስሄድ የገባኝ ሌላ ነገር ነው። ሰዉን የሰበረው ደሙ ብቻ አይደለም፣ መታለሉ ነው። ከዓመት በፊት፣ በኦክቶበር 2015፣ ግሌን ቆሻሻ መጣያ ገንዳ ላይ ቆሞ ሬሳ መሃል ወደቀ። አንጀቱ የወጣ አስመስለው አሳዩ። የተዋናዩን ስም ሳይቀር ከመክፈቻው ላይ አነሱት። ሰው አለቀሰ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ከገንዳው ሥር ተንፏቆ ወጣ፤ አልሞተም። ሰው እፎይ አለ። ከዚያ በኤፕሪል 2016 ኔጋን ዱላውን ሲያነሳ ካሜራውን በሟቹ ዓይን አድርገው ማንነቱን ሳያሳዩ ሲዝኑን ዘጉት። ከስድስት ወር በላይ ማን ሞተ እያለ ሰው ጠበቀ። በኦክቶበሩ ከፈቱትና ያው ግሌን። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ቅበር ስትባል ሁለተኛው ላይ የምታለቅሰው የመጀመሪያውንም ነው። እኔ ይህንን የኔጋን ጥፋት ነው አልልም። ሞርጋን ድንቅ አድርጎ ተጫውቶታል። የሠሩት ሰዎች በሰው ሐዘን የተጫወቱ ይመስለኛል፣ እስካሁንም ይህን ነው የማምነው። ያን ማታ 17 ሚሊዮን ሰው ነው አሜሪካ ውስጥ ያየው። በሳምንቱ ወደ 12 ሚሊዮን ተኩል ወረደ። ያ ሁሉ ሰው ኔጋንን ስለጠላ ብቻ ሄደ ብዬ አላምንም።

በቀጣዩ እሁድ ስልኩ ገና አልበረደም ነበር። አንዲት ሴትዮ ደወለች፤ ያው ቻናሉን አውጡልኝ ነው። ስለ ጥቅሉ ከማውራቴ በፊት «ማንን ነበር የሚወዱት?» አልኳት። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «ግሌንን» አለች። ከዚያ አወራችልኝ። ከእህቷ ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ነው የሚያዩት፤ እህትየዋ ሌላ ስቴት ነው የምትኖረው። ያን ማታ ሁለቱም ስልኩን ይዘው ምንም ሳይሉ ቆዩ አለችኝ። 14 ደቂቃ አወራን። መጨረሻ ላይ ቻናሉን ሳታነሳ ደህና እደር ብላኝ ዘጋች። አለቃዬ የዚያን ቀን ስለ ሰዓቱ ምንም አላለችኝም።

ያን የ61 ዓመት ሰውዬ መልሼ አላገኘሁትም። ሂሳቡ ተዘግቷል፤ በተዘጋ ሂሳብ መደወል አይፈቀድም።

ዲሴምበር ላይ ደረስኩበትና ያን ክፍል ራሴ አየሁት። ክላርክስተን በተከራየሁት ቤት፣ ሳሎን ውስጥ። ከታች ያለውን ክፍል የተከራዩት ጋሼ ሻይ ሊያፈሉ ወጥተው ስኒያቸውን ይዘው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንግሊዝኛውን ብዙም አይከታተሉትም። ስክሪኑ ላይ ሰዎቹ ጨለማ ውስጥ በመስመር ተንበርክከዋል፤ ኔጋን በፊታቸው እየተመላለሰ በዱላው ይቆጥራል።

«እነዚህ ምን አድርገው ነው?» አሉኝ።

ልመልስ ስል ስኒው እጃቸው ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እኛንም እንዲህ ቆጥረውናል» አሉ። «በ70 ዓመተ ምሕረት። ቀበሌው ግቢ ውስጥ። አንድ ሁለት እያለ ሲመጣ ከኔ ጎን ያለው ላይ ቆመ።» ተነሥተው ቆሙ፤ ሊወርዱ ነው።

ያቺ ቃል ምላሴ ላይ መጣች። ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው። አፌን ዘጋሁና ሪሞቱን አንስቼ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

«ከጎንዎ የነበረው ማን ነበር፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ተመልሰው መጡና ተቀመጡ። መጀመሪያ ስሙን ነገሩኝ፣ ቀጥለው የአባቱን ስም፣ ከዚያ ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ እንደነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሌላ አፍልቼ አመጣሁ፤ እሱም ቀዘቀዘ።