በአዲሱ ታይል ላይ የድሮውን ደጃፍ ስስል

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ደሴ ውስጥ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ በእኛ ሰፈር መንገዱ ሰፋ፣ ሱቆቹ ወደ ኋላ ገቡ፤ ከነታፔላዬ የፈረሱም አሉ። በረንዳ የነበረው ሁሉ የእግረኛ መንገድ ሆነ። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የሰፈሩ ሰው ባለፈ ቁጥር ቆም ይልና «የነ እንትና በር እዚህ ጋ አልነበር?» «ኧረ እዚያ ጋ ነው» ይባባላል። ታዲያ ለምን ደጃፎቹን በየቦታቸው ታይሉ ላይ አልስላቸውም አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቅሬ ነው። የወሎ ሰው ያውቀዋል፤ እንደ እድር ያለ የሰፈር ሰው ማኅበር ነው፤ ቅሬ የተስማማበት ነገር ግማሽ መንገድ ሄዷል። የቅሬው ዳኛ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ እሱን ይዤ ፈቃድ ጠየቅኩ። ከቢሮ ቢሮ መመላለሱ አልቀረልኝም። እሱን ልለፈው።

ብዙ ያከራከረን ምን ይሳል የሚለው ነው። አንዱ የሰፈሩ አዛውንቶች መልክ ይሳል አለ። ቆሎ የሚሸጡ እናት አላስጨረሱትም። «ተው እንጂ ልጄ! የሰው ፊት ይረገጣል እንዴ?» ነገሩ በዚያው አለቀ። ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ይታያል፤ መሬት ላይ ያለው ይረገጣል። ስለዚህ ፊት ቀረ፣ መስቀልና ጨረቃ ቀረ፣ ባንዲራ ቀረ። ስምም አልጻፍንም፤ የአባቱ ስም ሲረገጥ ማየት የሚወድ ማን አለ?

የተስማማነው በስፌት ጥለት ነው። እያንዳንዱ ቤት መሶብ ወይም ሰፌድ አመጣ፤ እኔ ደግሞ ጥለቱን በቤቱ ደጃፍ ልክ ቀዳሁት። ሻይ ቤት የነበራቸው እናት ቦታውን ሲያሳዩኝ ሜትር አላስፈለጋቸውም። ከባሕር ዛፉ ተነስተው ቁልቁል በእርምጃ ለኩና አንዷን ታይል በጫማቸው መታ መታ አደረጉ። «ይቺ ናት። ውሃ የምደፋው እዚህ ነበር።» ያመጡት ሰፌድ ጫፉ ተበልቷል፤ ቀዩና አረንጓዴው ጥርስ ጥርስ የሆነው ጥለት ግን አልደበዘዘም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ክረምቱ አንሶ በልጉም ያርሳታል። የዘይት ቀለም ያብረቀርቃል፣ ዝናብ ሲነካው ግን ሳሙና ነው። ለሙከራ አንድ ትርፍ ታይል ቀብቼ፣ ውሃ ደፍቼ፣ በኮንጎ ጫማ ቆምኩበት። ከዚያ በኋላ የመንገድ ማስመሪያ ቀለም ያዝኩ። የመጀመሪያው ንብር ሳይደርቅ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ እበትንበታለሁ፤ ሲደርቅ ሁለተኛውን እደርባለሁ። ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ቢሆን ጥሩ ነው። ጠዋት ጤዛ አለ፤ ፀሐይ ታይሉን ሳታሞቀው ብሩሽ አይነሳም።

ቢጫዋን ባለ ጉብጉብ መስመር ደግሞ አትንኩ። ዓይነ ስውራን በእግራቸውና በበትራቸው የሚያነቧት ናት። ቀለም ሲደራረብባት ጉብጉቡ ይሞላል፣ አሸዋው ደግሞ ሌላውን ታይል እንደሷ ሻካራ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሷ ራቅ ብዬ ነው የሠራሁት።

ሊስትሮዎቹ ባይኖሩ እርጥብ ቀለሙን ሰው ረግጦ ይጨርሰው ነበር። ሳጥናቸውን እንደ አጥር ደርድረው «ጋሼ፣ በዚያ በኩል!» እያሉ ሰው ሲያሳልፉ ዋሉ። ለነሱ በትርፍ ቀለም ገበጣ ሳልኩላቸው። ልጆቹ አላስጠየቁኝም፤ አጠገቡ በከሰል ሰኞ ማክሰኞ አስምረው መዝለል ጀምረዋል።

የመሐሉ ቀለም ቀድሞ ያልቃል፣ ጠርዙ ይቆያል። ከክረምት በኋላ እደግመዋለሁ፤ ለቀለሙ ቅሬው ያዋጣል። አሁን የያዘኝ ሌላ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች «ደጃፌን ገፍተህ ሳልከው» ብለው መጥተውብኛል። በፈረሰ ቤት ድንበር ይካሰሳሉ፤ ቅሬው እሑድ ቁጭ ብሎ ያየዋል።