ጎልደርስ ግሪን፦ እዚህ የተቃጠሉት ሁሉ እዚህ የሉም

ሰሜን ለንደን ወዳለው የጎልደርስ ግሪን አስከሬን ማቃጠያ ስሄድ ከኤጅዌር አቅጣጫ ባቡር ሌላ አልሳፈርም። ኖርዘርን ላይን የተባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ካምደን ታውን ላይ ለሁለት ስለሚከፈል፣ የባቡሩን ግንባር ሳያነብ የገባ ሰው ሃይ ባርኔት መስመር ላይ ይወድቃል። ከጣቢያው ወጥቶ በፊንችሊ መንገድ ወደ ሰሜን፣ ከዚያ ሁፕ ሌን ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው፤ በእግር አሥር ደቂቃ ግድም።

እ.ኤ.አ. በ1902 የተከፈተው ቀይ የጡብ ሕንፃ ጭስ መውጫው ደወል ቤት በሚመስል ማማ ውስጥ ተደብቋል። ሐውልት ፍለጋ የመጣ ግን ይቸገራል፤ አብዛኛው አመድ አምስት ሄክታር በሚጠጋው የአትክልት ቦታ ተበትኗል። የሮክ ባንዱ «ዘ ሁ» ከበሮ መቺ ኪት ሙንም (1978) እንዲሁ። ጽጌረዳ ሥር የሚተከሉት ትንንሽ ሰሌዳዎችም ለተወሰነ ዓመት የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ካልታደሱ ይነሳሉ። በቆየ ፎቶ ተመርቶ መፈለግ የሚያደክመው ለዚህ ነው።

ኮሜዲያኑ ፒተር ሴለርስ በ1980 እዚሁ ሲሸኝ፣ አጥብቆ ይጠላው የነበረ የግሌን ሚለር ዜማ ተጫውቷል። ያዘዘው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ኑዛዜ ከሱ በቀር ማን ይናዘዛል!

በ1931 ያረፈችው ሩሲያዊት የባሌ ዳንሰኛ አና ፓቭሎቫ አመዷ ያለው እዚሁ ግቢ፣ የአመድ ማስቀመጫ ቤት ውስጥ፣ በመደርደሪያ ላይ ነው። ማስቀመጫዋን ያስጌጡት የነበሩ የባሌ ጫማዎቿ ተሰርቀዋል። በ2014 መግቢያ ደግሞ ሌቦች የሥነ ልቦና ሊቁን የሲግመንድ ፍሮይድን አመድ የያዘውን ጥንታዊ የግሪክ ማሰሮ ለመውሰድ ሞክረው ክፉኛ ጎድተውታል። ስለዚህ የዚህ ቤት በር ተቆልፎ ብታገኙት አትገረሙ፤ ቢሮ ገብቶ በትሕትና መጠየቅ ነው። ቀብር ካለ ግን ለቀስተኛው ይቅደም፤ ካሜራም ኪስ ይግባ።

የፊልም ተዋናይዋ ቪቪየን ሊ በ1967 እዚህ ብትቃጠልም አመዷ የተበተነው ሳሴክስ በሚገኘው መኖሪያዋ ሐይቅ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በዘፋኟ በኤሚ ዋይንሃውስ ነው። በሐምሌ 2011 እዚህ ተቃጥላ፣ አመዷ የተቀበረው ኤጅዌርበሪ በሚባለው የአይሁድ መቃብር ከሴት አያቷ ጋር ነው። ለእሷ የመጣችሁ ያንኑ ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ኤጅዌር ድረስ ቀጥሉ፤ ከዚያ ታክሲ ይሻላል።

ከመሄዳችሁ በፊት ግን መንገዱን ተሻገሩ። ፊት ለፊት ባለው የአይሁድ መቃብር ቼሎ ተጫዋቿ ዣክሊን ዱ ፕሬ (1987) አለች፤ የእሷ እውነተኛ መቃብር ነው። ወንዶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ሁለቱም የአይሁድ መቃብሮች ቅዳሜ ዝግ ስለሆኑ ሦስቱንም በአንድ ቀን ማየት የሚፈልግ ሰው በሥራ ቀን፣ በጠዋት ይነሳ።