ፌስታሉ ላይ ያልተጻፈው ሰዓት

ጎንደር፣ አንድ ሆስፒታል፣ የከሰዓት ሴሚናር። ተራው የደረሰው ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) ሰውነት የተተከለለትን እጅ እንዳይገፋ በጂን ሕክምና ስለመከላከል እያቀረበ ነው። ከእጅ ክፍሎች ሁሉ የሰውነትን መከላከያ አብዝቶ የሚያስቆጣው ቆዳው እንደሆነ፣ ሪጀክሽን የሚባለው ይህ መገፋትም ብዙ ጊዜ በቀይ ሽፍታ እንደሚጀምር አስረዳ። በፈረንጆች 1998 ሊዮን ላይ እጅ የተተከለለት ሰው ሪጀክሽን የሚከላከለውን መድኃኒት በማቋረጡ እጁ በ2001 መልሶ መቆረጡንም አነሳ።

ከኋላ የተቀመጡት የኦፕሬሽን ክፍል ሲስተር ጠየቁ።

«ዶክተር፣ ጂኑን ወደ ሴል የሚያደርሰው ቫይረስ የሚሰጠው ለማን ነው?»

«ለታካሚው፣ በደም ሥር።»

«እጁ ገና ሳይገጠም ብቻውን ቀዝቅዞ ተቀምጦ የለም እንዴ? ለምን ለእጁ አትሰጡትም?»

ሬዚደንቱ ዝም አለ። የጉዳዩ ዋና ቁልፍ ግን ይኸው ነው። ኤኤቪ የሚባለው ጂን ተሸካሚ ቫይረስ በደም ሥር ሲሰጥ አብዛኛው ጉበት ይገባል፤ ታካሚው ቀድሞ ፀረ እንግዳ አካል ካለው ደግሞ ደም ውስጥ እያለ ይመክናል። ከለጋሹ ተለይቶ ገና ያልተገጠመ እጅ ግን ደም የሚያስገባው አርተሪውም የሚያስወጣው ቬኑም ክፍት ነው። የለጋሹ ደም በቀዝቃዛ ማቆያ ፈሳሽ ይታጠባል፣ ቫይረሱ በአርተሪው ገብቶ ይቆያል፣ የተረፈው ከመገጠሙ በፊት ታጥቦ ይወጣል። ቶሮንቶ ውስጥ በ2009 ብግነት የሚያበርደው የአይኤል-10 ጂን ከሰውነት ውጭ በተያዘ የለጋሽ ሳንባ ላይ የተሞከረው በዚሁ ሐሳብ ነው። ኤኤቪ በደንብ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሌላው ጂን ተሸካሚ፣ አዴኖቫይረስ፣ ይፈጥናል፣ ግን ራሱ ብግነት ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሪጀክሽን የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ታክሮሊመስን፣ የሚያስቀር ነገር ገና የለም።

ውይይቱ ሳያልቅ ድንገተኛ ክፍል ጠራ። ከአዘዞ በኩል፣ እንጨት መሰንጠቂያ የቆረጠው እጅ። የራሱ እጅ ስለሆነ ሪጀክሽን የሚባል ነገር የለበትም፤ ጂንም አያስፈልገው። የሚያስፈልገው ጎዝ ነበር። እጁ በጥቁር ፌስታል፣ ምንም ሳይጠቀለል በረዶ ውስጥ ተነክሮ መጣ። ጣቶቹ ነጭ ሆነው ደርቀዋል፣ አንድ የበረዶ ቁራጭ አውራ ጣቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ቲሹ በረዶ ሲሆን የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ቢሰፋም እንኳ ደሙ ሲመለስ እዚያው ይረጋል።

እጅ የሚያዘው እንዲህ ነው፦ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ለስለስ ተደርጎ ይታጠባል፣ በሳላይን በራሰና በተጨመቀ ጎዝ ይጠቀለላል፣ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ገብቶ ይታሰራል፣ ፌስታሉ በረዶና ውሃ የተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። በረዶው ቆዳውን አይነካም። የተቆረጠበት ሰዓት በማርከር ይጻፋል፤ ጡንቻ ያለው እጅ ሳይቀዘቅዝ ከ6 ሰዓት በላይ አይታገሥም፣ በአግባቡ ከቀዘቀዘ እስከ 12 ይደርሳል። ጡንቻ የሌለው ጣት የተሻለ ይቆያል።

ሲስተር አምጪውን ልጅ ጠየቁት። «ስንት ሰዓት ተቆረጠ?»

«ጠዋት።»

«ጠዋት 1 ሰዓትም ጠዋት ነው፣ 5 ሰዓትም ጠዋት ነው ልጄ። የትኛው?»

ልጁ ፌስታሉን አየ። ግድግዳው ላይ 8 ሰዓት ተኩል ይላል።