ሄዱ ተደፈነ ከማለት በፊት

ማተሚያዬ ዕድሜው ከ10 ዓመት ያለፈ፣ እስከ 44 ኢንች ወይም 112 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጥቅል ወረቀት የሚቀበል፣ በ8 የፒግመንት ቀለሞች የሚሠራ ማሽን ነው። ባለፈው ወር አንድ ትልቅ የመልክዓ ምድር ፎቶ ሳትምበት ሰማዩ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ነጫጭ መስመሮች ወጡ። ወዲያውኑ ክሊኒንግ፣ ማለትም ማሽኑ ቀለም የሚረጨውን ክፍል (ሄዱን) በራሱ እንዲያጸዳ፣ አዘዝኩ፤ ደገምኩ፤ ሠለስኩ። ከሦስተኛው በኋላ ያወጣሁት የኖዝል ቼክ (ቀለም ከእያንዳንዱ የሄዱ ቀዳዳ ማለትም ኖዝል መውጣቱን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት) ግን ከመጀመሪያው የባሰ ነበር፤ ጥቂት ክፍተት ብቻ የነበረበት ፈዛዛው ሲያን (ሰማያዊ ቀለም) ግማሹን አጥቶ መጣ።

የእንደዚህ ዓይነት ማሽን ሄድ ቀለም የሚተፋው በሙቀት አይደለም። ቮልቴጅ ሲደርሳቸው ቅርጻቸውን የሚለውጡ የፒዬዞ ክፍሎች ጠብታውን ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ገፍተው ያስወጡታል። ቀለሙን አፍልተው በአረፋ የሚረጩት ሄዶች በአብዛኛው ባለቤቱ ራሱ የሚቀይራቸው አላቂ ዕቃዎች ሲሆኑ፣ የፒዬዞ ሄድ ግን ከማሽኑ ጋር ለዓመታት እንዲኖር የተሠራ ውድ ክፍል ነው። ስለዚህ ሄዱ ተበላሽቷል ብሎ ከመፍረድ በፊት በዙሪያው ያለውን ሁሉ መመርመር ግድ ይላል።

በእኔ ማሽን ላይ ጥፋተኛው ካፑ ነበር። ካፕ የምንለው ሄዱ ሥራ ሲፈታ የሚያርፍበት፣ ዙሪያው በጎማ የተከበበው ክዳን ነው። ሁለት ሥራ አለው፦ ኖዝሎቹ እንዳይደርቁ አየር ይከለክላል፤ በክሊኒንግ ጊዜም ከሥሩ ያለው ፓምፕ በእርሱ በኩል ቀለሙን ከሄዱ ስቦ ያወጣል። የጎማው ጠርዝ በደረቀ ቀለም ሲሸፈን ከሄዱ ጋር አጥብቆ መግጠም ስለማይችል ፓምፑ በቀለም ፈንታ ከዳር የሚገባውን አየር ይስባል። ኖዝሎቹ በደንብ ሳይሳቡ ይቀራሉ፤ ከሥራውም በኋላ እዚያው ካፑ ላይ ይደርቃሉ። እኔ በዚህ ሁኔታ ክሊኒንግ እየደጋገምኩ የቆሻሻ ቀለም ማጠራቀሚያውን ከመሙላት በቀር ያተረፍኩት ነገር አልነበረም።

ይህንን ለማረጋገጥ ሄዱን ከካፑ ላይ አንስቼ ካፑን በዲስቲልድ ውሃ ሞላሁትና ፓምፑን አሠራሁ። ውሃው ቶሎ መውረድ ሲገባው ባለበት ቆመ፤ ወደ ፓምፑ የሚወስደው ቱቦም በረጋ ቀለም ተዘግቶ ነበር። ጠርዙን ክር በማይለቅ የስፖንጅ ማጽጃ እንጨት፣ ቱቦውን ደግሞ ለቀለሙ ዓይነት በተሠራ ማጽጃ ፈሳሽ ካጸዳሁ በኋላ፣ ካፑ ላይ ጥቂት ፈሳሽ አድርጌ ሄዱን መልሼ አሳረፍኩትና ሌሊቱን ተውኩት። ጠዋት አንድ ቀላል ክሊኒንግ ብቻ አብዛኛውን ኖዝል መለሰ።

በዚህ ሥራ አጥብቄ የምለምነው አንድ ጥንቃቄ አለ። የሄዱን የታች ገጽ አትፈትጉት፤ ከላይ ወደሚገባው ጠፍጣፋ ኬብልም አንዲት ጠብታ እንዳትደርስ ተጠንቀቁ። እዚያ የሚፈጠር ሾርት ሄዱን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን ከማናቸውም ክሊኒንግ በፊት የኖዝል ቼክ በተከታታይ ሦስት ጊዜ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ክፍተቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የደረቀ ቀለም ነው፤ ቦታውን የሚቀያይር ከሆነ አየር ገብቷል ማለት ነውና መገጣጠሚያዎችንና ዳምፐሮችን (ቀለሙ ወደ ሄዱ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍባቸውን ትንንሽ ማጠራቀሚያዎች) አያለሁ። ቼኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ህትመቱ በጥሩ ቀለም ጀምሮ ከጥቂት ርዝመት በኋላ አንዱ ቀለም እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ፣ በዳምፐሩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ተዘግቶ ለሄዱ በቂ ቀለም አልደረሰም። ቼኩ ሙሉ ሆኖ መስመሮቹ በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ ከሆነ ግን ነገሩ የቀለም ሳይሆን የወረቀት አሳላፊው መለኪያ ነው።

የሄዱን የታች ገጽ የሚጠርገው ጎማ፣ ዋይፐሩም ቸል አይባልም፤ ጠርዙ ላይ የጠጠረ ቀለም የአንዱን ቀለም ለሌላው ያዳርሳል። ሄዱ መንገዱ ላይ እየተደናቀፈ የሚቆም ወይም ጎን የሚመታ ከሆነ ደግሞ ከኋላው የተዘረጋውን ኢንኮደር የተባለውን ግልጽ ስስ ጥብጣብ ማየት ነው። ሄዱ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በላዩ ካሉት ረቂቅ መስመሮች ስለሆነ የቀለም ጭጋግ ሲያርፍበት ይስታል። እኔ በውሃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ እጠርገዋለሁ፤ ጠንካራ ኬሚካል መስመሮቹን ሊያጠፋ ይችላል።

ክፍሉ እንዳይደርቅ እርጥበቱን ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል እጠብቃለሁ፤ ሥራ ባይኖርም 8ቱን ቀለሞች የያዘ ትንሽ ምስል በየሁለት ቀኑ አትማለሁ። ፈዛዛው ማጀንታ ላይ ሁለት ኖዝሎች እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ሄዱ በአንድ ቦታ ደጋግሞ ስለሚያልፍ ጎረቤቶቻቸው ጉድለቱን ይሸፍኑታል፤ በህትመቱም ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ለእነርሱ ብዬ ሌላ ክሊኒንግ አላዘዝኩም።