ተቀባይ የሌለው ዜማ

ሰሞኑን ሦስት ሙዚቃዎችን እየደጋገምኩ እሰማለሁ። ሦስቱም ሰው ብቻውን ሆኖ የተጫወታቸው ናቸው። ይህን ያስተዋልኩት ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ቨርጂኒያ በሚገኘው የደለስ አየር ማረፊያ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው።

ደሴ ሳድግ ሙዚቃ የብዙ ሰው ነገር ነበር። እናቴ በሰፈራችን ሠርግ አውራጅ ናት። እሷ ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፣ ከበሮው ይመታል፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቶቻችን መንዙማ ሲሉም ድቤው እስከ እኛ ቤት ይሰማል፤ እዚያም ተቀባዩ ብዙ ነው። ብቻውን ተቀምጦ የሚያንጎራጉር ሰው ከታየ “ምን ሆነህ ነው?” ተብሎ ይጠየቃል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የምንላቸው ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ቦታዎች ስለሆነ፣ እኛ ልጆቹ ሙዚቃን ማንም ሊያስተምረን እንደማይችል እናስብ ነበር። እኔ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሳላውቅ ነው የተሰደድኩት።

ከሦስቱ የመጀመሪያውን፣ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን በደንብ እንዳዳምጠው ያደረጉኝ፣ በታክሲ ሥራ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ሻይ ከፔርሙዛቸው እየቀዱልኝ፣ “አንተ ልጅ፣ የዋልያሱን ኃይሉን ታውቀዋለህ? እዚሁ እንደ እኛ ታክሲ ይነዳ ነበር እኮ” አሉኝ። ዋልያስ ባንድን ስሙን አውቀዋለሁ፤ በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበረ ታዳሚው ከመሸ በኋላ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ሙዚቀኞቹ እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱ ነበር። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሲመጣ ከአባላቱ ከፊሉ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነው። ኪቦርዱን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይዞ ይዞር እንደነበረ፣ ተራው እስኪደርስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ እንደነበረ ጋሼ ነገሩኝ። ሌላ ቦታ ራሱ ሲናገርም ሰምቼዋለሁ። በአገሩ እስኪነጋ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው ይጫወት የነበረ ሰው፣ እዚህ እስኪነጋ ለራሱ ይጫወት ነበር።

ደጋግሜ የምሰማው በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ የቀረጸውን “ሸሞንሟናዬ”ን ነው። ባንድ የለም። አኮርዲዮኑን የሚጫወተው እሱ፣ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን የሚጫወተው እሱ ነው። ከበሮውን እንኳ የሚመታለት ሰው አልነበረም፤ ማሽን ነው። መጀመሪያ ስሰማው ያ የማሽን ምት ደረቀብኝ። ይህ ሠርግ ላይ ቢሆን ማን ይጨፍርበታል ብዬ ዘጋሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሼ ስከፍተው ግን አኮርዲዮኑ ሲተነፍስ ሰማሁ። አኮርዲዮን አየር ስቦ አየር የሚያወጣ መሣሪያ ነው፤ በሁለት ሐረጎች መካከል ያለው ዕረፍት የሰው ትንፋሽ ይመስላል። ማሽኑ ሳይደክም ይሄዳል፣ ሰውየው በላዩ ይተነፍሳል። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አልተውኩትም። ካሴቱ ተረስቶ ኖሮ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ካሴት ቤት ውስጥ አግኝቶት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና መታተሙ፣ ኃይሉም ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አልበም ማውጣቱ ደስ ያሰኘኛል። የእኔ ደስታ ግን በይበልጥ በእነዚያ መካከል ባሉት ዓመታት፣ ማንም ሳይሰማው ልምምዱን ባለማቆሙ ነው።

ሁለተኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው። ፒያኖአቸውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ የምላችሁ ግን ዘፈናቸውን ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ፣ ቴፕ ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ፒያኖ እየተጫወቱ በራሳቸው ድምፅ የቀረጹትን። ከዚያ ኢየሩሳሌም ገዳም ገብተው ወደ አርባ ዓመት ገደማ ኖሩ፤ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ዘፈኖቹ የታተሙት በዓመቱ ነው። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ አያጌጥም። ከኋላ የወፎች ድምፅ ይሰማል። አንዱ ዘፈን ሩቅ አገር ያለን ሰው የሚጠይቀው፣ ያለበት አገር ፀሐይ ይሁን ደመና ነው።

እናቴ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይኸው ነው። “ብርዱ እንዴት ነው? ዛሬስ ፀሐይ ወጣ?” ስምንት ዓመት ሙሉ “ደህና ነው እማዬ” እያልኩ ቶሎ አልፌዋለሁ፤ የማታየውን ሰማይ ለምን እንደምትጠይቀኝ አስቤበት አላውቅም ነበር። እማሆይን ከሰማሁ ወዲህ እውነቱን እነግራታለሁ፤ ደመናው ከየት በኩል እንደመጣ፣ በረዶው የመኪናውን መስታወት እንዴት እንደሸፈነው። ንግግራችን ረዝሟል።

ሦስተኛው የአለሙ አጋ በገና ነው፤ በጾም ብቻ እሰማው የነበረውን አሁን ጾም ሳልጠብቅ እከፍተዋለሁ። በገና ከመጀመሪያውም አጃቢ አይሻም። አውታሮቹ ሥር ያሉት የቆዳ ቁራጮች፣ እንዚራዎቹ፣ በሚሰጡት የንዝረት ድምፅ ራሱን ያጅባል።

የእማሆይን ዘፈን ለእህቴ በቴሌግራም ልኬ ለእናቴ እንድታሰማት ጠየቅኋት። በማግስቱ የእናቴ ድምፅ ተቀርጾ መጣልኝ። “ጣታቸው ይባረክ” አለች። ዝም ብላ ቆየችና፣ “ግን ተቀባይ የላቸውም እንዴ? ምነው፣ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም?” ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ።

እሑድ ስትደውል ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ አንድ የሠርግ ዜማ አወረደችልኝና ቆመች። መጀመሪያ ምን እንደፈለገች አልገባኝም። “ተቀበለኝ እንጂ” አለችኝ። በተራ ከቆሙት መኪናዎች መካከል ነበርኩ፤ መስኮቱን ዘግቼ ተቀበልኩ። መስመሩ ስለሚዘገይ የእኔ ድምፅ ደሴ ሲደርስ ምቱ ያልፋል። ሁለት ጊዜ ተሳሳትን። በሦስተኛው እሷ አወረደችና፣ ድምፄ እስኪደርሳት ጭብጨባዋን ይዛ ጠበቀችኝ።