የካቲት 19 ነፋሱ የዞረ ዕለት

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ ተስዬ ነበር፤ እሱ ገብቷል። "ሥራህን እመሰክራለሁ" ያልኩት ግን እስከ ዛሬ ቀርቶብኝ ነበር።

የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ቤቴ ዳላስ ነው። ከካንሳስ ሥጋ ጭኜ ወደ ደቡብ እወርዳለሁ። ሀይዌይ 83 ከካንሳሷ ሊብራል ከተማ ወጥቶ የኦክላሆማን ጫፍ ያቋርጥና ፓንሃንድል ወደሚባለው የቴክሳስ ሰሜናዊ ጫፍ ይገባል። ፔሪተንን አልፋችሁ ካናዲያን የምትባለው ትንሽ ከተማ እስክትደርሱ ያለው ሣር ነው። ሣር፣ የሽቦ አጥር፣ ከብት፣ እንደገና ሣር።

እዚያ አካባቢ የብርዱ ወራት ማብቂያ ያስፈራል። ውርጩ ሣሩን አድርቆታል፣ አዲሱ ገና አልበቀለም። ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ እርጥበት የሚባል ነገር አያውቅም። በፈረንጆቹ 2023 ጥሩ ዘንቦ ስለነበር ሣሩ ረዝሞ ነው የደረቀው። ከብት አርቢው የተደሰተበት ዝናብ በዓመቱ ማገዶ ሆኖ ጠበቀው።

በእኛ 2016 ዓ.ም.፣ በነሱ 2024 ነው። ጾመ ነነዌ የገባው ሰኞ የካቲት 18 ነበር። የዚያኑ ቀን ስቲኔት በምትባል የፓንሃንድል ከተማ አጠገብ የበሰበሰ የመብራት ምሰሶ ተሰብሮ ወደቀና ሜዳው ተቀጣጠለ። ስሞክሃውስ ክሪክ የሚባለው እሳት ይህ ነው። በቴክሳስ ታሪክ ትልቁ ሆኗል፤ ከ1 ሚሊዮን ኤከር በላይ በልቷል። አዲስ አበባን ስምንት ጊዜ ብታነጥፏት ነው።

ማክሰኞ ጭኜ ስነሳ መንገዱ አልተዘጋም። ፔሪተንን ካለፍኩ በኋላ ግን ሰማዩ ከቀኝ በኩል ቡናማ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ጠቆረ። ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ መብራት አብርቼ እየነዳሁ የፊቴን መስመር አላየውም ነበር። ነፋሱ ተሳቢውን ይገፋዋል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ያን የሚያህል መኪና ማዞር አይታሰብም።

አንድ ፒክአፕ ከጭሱ ውስጥ ወጥቶ መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገ። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፣ ከብት አርቢ። "ወደ ካናዲያን መሄድ የለም፣ ተከተለኝ" አሉኝ። አጥር ከፍተው የስንዴ ማሳ ውስጥ አስገቡኝ። ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው። እርጥብ ስንዴ ቶሎ አይነድም። "እሳቱ እዚህ ድረስ ከመጣ መንገድ ላይ እንዳትሮጥ፤ ነዶ ወደ ጨረሰው ጥቁር መሬት ግባ። ሁለት ጊዜ አይነድም" አሉኝ። እኔ ከእሳት ሰው ይሸሻል እንጂ ወደ ኋላው ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም። ልጆች የጫነች እናትና ፈረስ የሚጎትት ጎረምሳም እዚያው ተጠግተዋል።

ባለቤቴ ደወለች። ድምፄን ስትሰማ ገባት። "ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው" አለችኝ። "ጥራው።"

ቀኑን ረስቼው ነበር። ነበልባሉ ከአጥሩ ማዶ ይታያል። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ነው፣ ቀጥታ ወደ እኛ። ከመኪናው ወርጄ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ረጅም ጸሎት አልመጣልኝም። "ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን ያወጣህ፣ ይህን ነፋስ መልስልኝ። እነዚህ ልጆች አይቃጠሉ" ነው ያልኩት። ጃንጥላውን የተሳልኩትም ያኔ ነው።

በመካከላችን የቀረው መንገዱ ብቻ ሲሆን ነፋሱ ቀጥ አለ። ከዚያ ከሰሜን መጣ። ቀዝቃዛ ነው፣ ጃኬቴን ያስፈለገኝ ወዲያው ነው። ጭሱ ወደ መጣበት ታጠፈ። እናትየዋ ጮኸች። እኔ አለቀስኩ።

ሽማግሌው ግን አልተደሰቱም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ደቡብ ያያሉ። "አሁን ወደ ልጄ ቤት ነው የሚወርደው" አሉ።

ይህችን ቃል ይዤ ነው የገባሁት። እኔ መልስልኝ ያልኩት ነፋስ ወደ ማን ነው የተመለሰው? በዚያ እሳት ሁለት ሴቶች ሞተዋል። አንዷ እንደ እኔው መንገድ ላይ የነበረች ናት። ከብቱ በሺዎች አለቀ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ "ነፋሱ እንደሚዞር እኮ ቀድሞ ተተንብዮ ነበር" ይለኛል። አውቃለሁ። ትንበያው እኔም ስልክ ላይ ነበር። ስንዴው ውስጥ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ፤ የደረሰበትን ሰዓት አይቻለሁ። በዚህ አልከራከርም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ነነዌ ላይ እሳት እንደ ደመና ሆኖ ወርዶ እንደነበር አባቶች የሚተርኩትን አስታወሱኝ። "ስለዳንክበት አመስግን፣ ስላለቀሱት ደግሞ አልቅስ፣ ሁለቱንም ታዘሃል" አሉኝ። "እግዚአብሔር ነፋሱን እንዴት እንዳከፋፈለ አንተ አትጠየቅም። እጅህ ላይ ስላለው ትጠየቃለህ።"

እጄ ላይ ያለው መኪና ነው። ሐሙስ በረዶ ጥሎ እሳቱን ጋብ ሲያደርገው ከየስቴቱ ድርቆሽ ይጎርፍ ጀመር። ከብቱ ቢተርፍ ግጦሹ የለማ። ከጓደኛዬ ጠፍጣፋ ተሳቢ ተውሼ፣ ዳላስ ያሉ ወንድሞችና እህቶች አዋጥተው የገዙትን ድርቆሽ ጫንኩ።

ሽማግሌውን አገኘኋቸው። የልጃቸው ቤት ተርፏል። በረቱና ብዙው ከብት ግን የለም። ድርቆሹን ስናወርድ ቆየት ብለው "ያን ቀን ጭቃ ላይ ማንን ነበር የምትጠራው?" አሉኝ። ስለ ሦስቱ ልጆችና ስለ ናቡከደነፆር እቶን ነገርኳቸው። እሳቸው ባፕቲስት ናቸው፣ ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። "እሳቱ ውስጥ ከሦስቱ ጋር የታየው አራተኛው ክርስቶስ ራሱ ነው" አሉ። "ገብርኤል ነው" አልኳቸው። ትንቢተ ዳንኤልን በቃላቸው ይጠቅሱልኝ ገቡ፤ እኔም የታኅሣሥ 19ን ድርሳን በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተረኩላቸው። ሳንስማማ ድርቆሹን አራግፈን ጨረስን።